ሦስት ሳምንት የሚቆይ ሹሩባ

በሰበታ ብዙዎቻችንን ሹሩባ ሲሠሩ የኖሩት አዴ ጫልቱ ባለፈው እሑድ ጧት ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ ቀሩ። ዕድሜ ጠግበው፣ በልጆቻቸው መካከል ነው ያረፉት። ይህን የምጽፈው ለእኔ ቤት ያደረጉትን የምታውቋቸው ሁሉ እንድትሰሙት ነው።

አዴ ጠጉር ከመንካታቸው በፊት አንገት ይዳብሱ ነበር። ከጆሮ ሥር ጀምረው ወደ አገጭ እየወረዱ «ይህቺ እብጠት መቼ ወጣች? ድምፅሽስ ከመቼ ወዲህ ነው የሻከረው?» ይላሉ። «አዴ፣ የመጣነው ለሹሩባ ነው ወይስ ለሕክምና?» ስንላቸው «አንገትሽን አቅኚ» ነበር መልሳቸው። ባለቤታቸው የሞቱት ምላሳቸው ሥር በወጣ ቁስል ነው። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሲጨምቅ ወራት አልፈው ነበር።

የልጆቼ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሲጋራ ያጨስ፣ ጫቱንም ሁልጊዜ በግራ ጉንጩ ይይዝ ነበር። በዚያው ጉንጩ ውስጥ ዙሪያው ነጣ ያለ ቁስል አየሁ። እኔም ዳማከሴ ጨመቅሁ። ሹሩባ ስሠራ ለአዴ ነገርኳቸው።

«ይህ ሹሩባ ሦስት ሳምንት ይቆያል» አሉኝ። «ስትፈቺው ቁስሉ ካልዳነ ምች አይደለም። ሐኪም ይየው።»

ፈታሁት፤ ቁስሉ አልዳነም። እሱ ግን «ሳያመኝ ሐኪሙን ምን ልበለው?» ብሎ እምቢ አለ። አዴ ዘንድ ስሄድ ማበጠሪያቸውን አስቀመጡ። «እሱ ሳይታይ ያንቺን ራስ አልነካም።»

ጠጉሬን እንደተፈታ ይዤ ከረምኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን በሩ ላይ «ማን ሞቶባት ነው?» ብላ ስትጠይቅ እሱ ሰማ።

«በቁሜ ለቅሶ ተቀመጥሽልኝ?» አለኝ እየሳቀ። በማግስቱ ግን ሐኪም ቤት ሄደ። ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩ። ካንሰር ነበር፣ ገና ትንሽ። ቆርጠው አወጡለት፤ ሐኪሙም «ሳያምህ መምጣትህ በጀህ» አለው። ዛሬ ሲስቅ ጉንጩ ትንሽ ይጎተታል፤ ጫትና ሲጋራውን ትቷል። ይህን ስነግራቸው አዴ «እንግዲህ ቁጭ በይ» ብለው ማበጠሪያቸውን አነሡ።

አዴ፣ በቀብርዎ ቀን ሴቶቹ ጠጉራቸውን ፈተው መጡ። እኔ አልፈታሁም፤ አንቱ የሠሩልኝ ገና ሳምንቱ ነው። ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ እፈታውና የልጆቼን አባት መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አፉን አስከፍተዋለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ወዲያ የምትሠራኝ ሴት ልጄ ናት። ከጆሮ ሥር እንድትጀምር ነግሬያታለሁ። በሰላም ይረፉ አዴ፤ አንገቴን አቅንቻለሁ።