የመልካ ሾላ ድንጋዮች

እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት መልካ ሾላ ወርዳችሁ መሻገሪያውን ያዙ የሚል ትእዛዝ የደረሰን አንኮበር አፋፍ ላይ ሳለን ነው። አሥራ አንድ ነበርን፤ የጓዱ መሪ እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ አደከመን እንጂ በመንገድ ላይ ጠላት አላገኘንም።

ዛሬ የደብረ ብርሃን ወጣቶች መልካ ሾላ የት እንደሆነች ይጠይቁኛል። አልፈርድባቸውም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ሃምሳ የማይሞላ ቤት፣ አንድ መስጊድና አንድ ወፍጮ ያላት የወንዝ ዳር ከተማ ናት። ድልድይ የላትም። በወንዙ ውስጥ ግን ከዳር እስከ ዳር አሥራ አራት ትልልቅ ድንጋዮች ተሰልፈው ነበር። ውሃው ሲደፈርስ ሰው በእነሱ ጥግ ይሻገራል፤ ከእነሱ የራቀውን ጥልቁ ይውጠዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ የአንድ ቤተሰብ ነው። ጎርፍ ያንከባለለውን መልሶ የሚተክለው ያ ቤተሰብ ነው።

እኛ የደረስነው ውሃው በጎደለበት ቀን ነው። የትም ቢረገጥ የሚያሻግር መሰለኝ። ነዋሪው ወደ አንኮበር በኩል እየተሻገረ ነበር፤ እኛ ከተማዋ ባለችበት ዳር ቦታ ያዝን። ዳሩ አሸዋ ነው፤ ስንቆፍረው ይናዳል። ስለዚህ ድንጋዮቹን አስነቅዬ ምሽግ አሠራሁባቸው።

ከመጨረሻዎቹ ተሻጋሪዎች አንዷ እማማ ፋጡማ ነበሩ። ከልጃቸው ከሰይድ ጋር መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ መንገዳችን ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ አሁን ነፍስ ይቀድማል።»

«እኔስ ስለ ነፍስ አይደል የምነግርህ?»

ተቆጣሁ። ባላወቅሁት ነገር መቆጣት በዚያ ዕድሜዬ ይቀናኝ ነበር። ልጃቸውን አስከትለው ተሻገሩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጠላቶቹ ብዙ ነበሩ። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። በሦስተኛው ጥይታችን አለቀ። ወንዙን ተሻግራችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ።

ዞር ስል ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኗል። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ውሃው ቀልቷል፤ የትኛው ጥልቅ፣ የትኛው መሻገሪያ እንደሆነ አይለይም። ደምሴ ገባ። በሦስተኛው እርምጃ ጠፋ። ሊይዘው የዘለለው ግርማም አልወጣም። ዘጠኝ ቀረን። ሁሉም እኔን ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ ከማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ሰዎች ወጡ። ቤታቸውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም፤ እዚያው ሆነው ያዩን ነበር። እማማ ፋጡማ ውሃው ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ ተከተሉ። ሴትም ወንድም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እያንዳንዱ የቤቱ ድንጋይ ከነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ።

«በአላህ፣ በእኛ ጥግ ኑ!» አሉ እማማ ፋጡማ፣ ቦታቸውን ለልጃቸው ለሰይድ ለቀው።

ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አሻገሩን። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ሰባተኛው ቦታ ላይ ሰይድ ቆሟል። እጄን ይዞ ለስምንተኛው አቀበለኝ። ጥይት የመታው ከዚያ በኋላ ነው።

ደምሴ፣ ግርማ፣ ሰይድ። ሦስት ሰው ሞተ። በሪፖርቱ ግን ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ሰይድ ከጓዱ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ሰላም ሲሆን ብቻዬን ወረድኩ። ሰዉ ምሽጌን አፍርሶ ድንጋዮቹን እየመለሰ ነበር። አሥራ ሦስቱ ቦታቸውን ይዘዋል። አንዱ ዳር ላይ ቀርቷል፤ እማማ ፋጡማ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ አጣሁ። እሳቸውም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም።

«ቤቴ የሚተክል ሰው የለውም» አሉኝ። «አንተ ትከለው።»

ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር እወርዳለሁ። እማማ ፋጡማ ካረፉ ቆዩ፤ የእኔም ጉልበት ደክሟል። ዘንድሮ ጎርፉ ድንጋዩን አርቆ ወስዶት ነበር። ፈልጌ አገኘሁት፤ ሰባተኛው ቦታ ላይ መልሼው መጣሁ።