የሳፖርት ነጥብ ፍለጋ፦ ከቢላ ነቀምቴ ደርሶ መልስ

ቢላ፣ ሊነጋጋ ሲል

መናኸሪያው ጭቃ ነው። አንድ አባዱላ፣ ሁለት ጆንያ ድንች፣ እግሩ የታሰረ በግ፣ እኔ። ሹፌሩ ኦቦ ታደሰ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ እያደረጉ ያዩኛል።

«አከም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ? ነቀምቴ ምን አለህ?»

«ነጥብ ልቀበል።»

«ማትሪክ ተፈተንክ እንዴ?»

«አይ ኦቦ፣ የጌም ነው።»

ሄደው በጉን አስተካከሉ።

ለማያውቅ ላስረዳ። አምስት ለአምስት የሚጫወቱት የስልክ ጌም አለ። አራቱ ይገድላሉ። እኔ ሳፖርት ነኝ። ሳፖርት ማለት ገዳዩ ሲቆስል የሚያክም፣ ጠላት ከየት እንደሚመጣ የሚጮህ፣ የግድ አንድ ሰው መሞት ካለበት ደግሞ ቀድሞ የሚሞት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ በትልቁ የሚወጣው የገዳዩ ስም ነው። የኔ ታች ነው፣ ስንቴ እንደሞትኩ አብሮ ተጽፎ።

አሁን አዲስ አበባ ደሞዝ የሚከፍል ቡድን ተቋቁሞ ከወለጋ አንድ ሳፖርት እፈልጋለሁ ብሏል። አንድ። እኔ አስረኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ደሞዝ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

ማን እንደሚሄድ የሚወስነውን የተጫዋቾች ደረጃ የሚያወጣው ቲቸር ዮናስ ነው። ጎጃሜ ነው፣ ነቀምቴ ተመድቦ ሒሳብ ያስተምራል፣ ላፕቶፕ አለው። ለገዳይ ቀላል ነው፣ የገደለውን ትቆጥራለህ። ለሳፖርት ግን አሰበበት፦ ልጁ ሲኖር ቡድኑ ምን ያህል ያሸንፋል? ሲቀርስ? ልዩነቱ የልጁ ዋጋ ነው። ስሰማ «ይሄ ሰውዬ ጭንቅላት አለው» አልኩ። ከዛ ደረጃው ወጣ።

አንደኛ የጊምቢው ልጅ። ዘማሪ ነው፤ እሁድ እሁድ ቸርች ስለሚያገለግል አይጫወትም፣ እሁድ እሁድ ቡድኑ ይሸነፋል። በመዝሙር አንደኛ ወጣ። የኔ ስም ጎን ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ደወልኩ።

«አንተን መለካት አልተቻለም» አለኝ። «አንድም ጨዋታ ቀርተህ አታውቅም።»

«ታይፎይድ ይዞኝ ተኝቼ ተጫውቻለሁ እኮ!»

«ችግሩ እሱ ነው።»

መፍትሄ ብሎ ያመጣው ደግሞ ይሄን ነው፦ ነቀምቴ መጥቼ ቁጭ እላለሁ፣ ቡድኔ ያለ እኔ ሦስት ጨዋታ ይጫወታል። ቢሸነፉ አንደኛ ነኝ። ምንም ላለመሥራት የትራንስፖርት ከፍዬ እየሄድኩ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ በቆሎ። እኔ ከኋላ ወንበር ነኝ።

«በሬ! በግራ!» አልኩ።

«ዓይን አለኝ!» አሉ ኦቦ ታደሰ።

«ድንጋይ፣ ኩርባው ጋ!»

«ይሄን ልጅ አፉን ያዙልኝ!» ተሳፋሪው ሳቀ። ጎኔ ያሉት ሴትዮ በቆሎ ሰጡኝ፣ አፌን እንድይዝበት መሰለኝ።

ሲሬ፣ ረፋድ

አስፋልት። የተጠበሰ እሸት፣ ማንጎ፣ የሰው ጩኸት። ገመቹ እዚህ ተሳፈረ። የቡድናችን ዋና ገዳይ ነው፤ ስንት ጊዜ ሞቼለታለሁ። የቀሩት ሦስቱ የቡድናችን ልጆች ነቀምቴ ይጠብቁናል።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጃለ፣ ልሸነፍልህ እንዴ?»

«ሥርዓት ያዝ። ስታትስቲክስ ነው።»

«እሺ፣ እንግዲህ እኔ የለሁበትም።»

በቃ እዚህ ላይ አለቀ። ሰው በነፃ አንደኝነት ሲሰጠኝ ሥርዓት ያዝ ያልኩ ሰው ነኝ። ይመዝገብልኝ።

ነቀምቴ፣ ከሰዓት

መጀመሪያ አንጮቴ በላን፣ ቅቤው እስከ ክርን የሚወርድ። ከዛ በባጃጅ በከኒሳ ቀሴ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ጌም ቤቱ የቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ይግላል። ቲቸር ዮናስ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ለኔ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ሰጠኝ፣ ልክ ከገመቹ ጀርባ። በኔ ቦታ የገባው የቤቱ ባለቤት ነው፣ ጨዋታውን በስም ብቻ ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አፌን በእጄ ይዤ አየሁ። ተረገጡ። በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ሽንፈት አላየሁም። ቲቸር ጻፈ። አዲስ አበባ ታየችኝ።

ሁለተኛው ላይ ገመቹ ደሙ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ወደ ጫካው ይሮጣል። ጫካው ውስጥ ሦስት ሰው አድፍጧል። እሱ አላያቸውም፤ እኔ አወቅኩ። ዝም በል አልኩት ራሴን። ደሞዝ፣ ደሞዝ፣ ደሞዝ አልኩ።

«ደቢኢ!» ብዬ ጮህኩ። «ተመለስ! ሦስት ናቸው!»

ተመለሰ። ዳነ። አሸነፉ።

ሦስተኛው ላይማ ማፈሬንም ተውኩት፤ ከሳጥኑ ተነስቼ ቆሜ ነው የመራኋቸው። አሸነፉ። ልጆቹ ተቃቀፉ። ቲቸር ዮናስ ኪቦርዱን መታ።

«አንተ ስትኖር ከሦስት ሁለቱን ያሸንፋሉ። ሳትኖርም ከሦስት ሁለቱን አሸነፉ። ዜሮ።»

«ነበርኩ እኮ! እየጮህኩ ነበር! ጆሮ የለህም?»

«ሳጥን ላይ ነበርክ። ጩኸት የሚገባበት ኮለም የለኝም።» ክፋት አልነበረውም፣ እሱ ነው የሚያናድደው። «ሰረዝ ከነበረህ ዜሮ ይሻላል» አለኝ ደግሞ።

አዲስ አበባ የሚሄደው የጊምቢው ዘማሪ ነው። እሁድ ማን እንደሚጫወትላቸው እነሱ ይወቁ።

ገመቹ ውጪ ይዞኝ ወጣ። «ምን አስጮኸህ?»

«ልትሞት ነበራ!»

«ልሙታ!»

ሲሬ ላይ ሲወርድ ትከሻዬን መታና «ጀባዱ» አለኝ። በርታ ማለቱ ነው። በምኑ እንደምበረታ አልነገረኝም።

ከሲሬ ወደ ቢላ፣ ሊመሽ ሲል

ኦቦ ታደሰ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ጋቢናው ባዶ ነው። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ሊገባ በሩን ከፈተ።

«ተይዟል» አሉት።

«በማን?»

«በዚህ ልጅ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ና ግባ። ላይ ጉም ወርዷል አሉ።»

ገባሁ። ነጥብህ ስንት ሆነ አሉኝ፤ ዜሮ አልኳቸው። ከስንት ብለው አልጠየቁም። ሬዲዮኑን ዘጉ፣ መብራት አበሩ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ከመስታወቱ ወዲያ ምንም የለም። እሳቸው መሪውን ይዘዋል፣ እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌያለሁ። ኋላ ያለው ሰው ተኝቷል፣ ኮት የለበሰውም ጭምር።

«ላም» አልኩ። «በቀኝ።»

ፍሬን ያዙ። ላሚቱ ዞር ብላም ሳታየን ተሻገረች።