ስለ እኔ የተማለ መሐላ

አባቴ በሕይወታቸው የማሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ እኔ፣ ስለ ሴት ልጃቸው። መሐላ ይፈራሉ። እንኳን ለሐሰት፣ ለእውነትም አይምሉም ነበር። ከጎረቤት ጋር በድንበር በተጣሉ ጊዜ ሽማግሎች «ይማሉና መሬቱን ይውሰዱ» ቢሏቸው፣ መሬቱ የእሳቸው መሆኑን አገር እያወቀ፣ «ለአፈር ብየ የእግዜርን ስም አልጠራም» ብለው የገብስ ማሳቸውን ለቀው ወጡ። እናቴ ያን ዓመት ሙሉ አኩርፋቸው ከረመች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነው ነገር ምን ያህል እንዳስፈራኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከጉና ግርጌ ካለው መንደራችን ወርጄ ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ስንቅ ይመጣልኛል። ብርዱንም ብቸኝነቱንም ቻልሁት። ያልቻልሁት እንግሊዝኛውን ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ የተማርሁትን ታሪክም ሳይንስም እዚህ በእንግሊዝኛ ያወርዱታል፤ እኔ የመምህሮቹን አፍ አያለሁ እንጂ የሚሉትን አልሰማም። የከተማው ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ እኔ አንገቴን አቀረቅራለሁ። በየቀኑ የምጸልየው «ዛሬ ስሜን አይጥሩት» ብዬ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈ። ዕድሜው ከእኛ ብዙም የማይርቅ፣ ኖራው ከኮቱ የማይጠፋ ወጣት ነበር። «ስቴድፋስት» ብሎ አነበበው። ባመኑበት ነገር መጽናት፣ ቢገፉት አለመነቃነቅ ማለት ነው ብሎ አስረዳን፤ ከዚያም በየተራ በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ቀድሞ የመጣልኝ የማይነቃነቅ ነገር የአገሬ ድንጋይ ነው፤ ተነሥቼ የጉና ድንጋይ ስቴድፋስት ነው አልሁ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መምህሩም ሣቀና፣ «ድንጋይ አያምንም፤ ይህ ቃል ለሰው ልብ ነው» አለኝ። ከዚያ ለሁላችንም የቤት ሥራ ሰጠን። በዚያው ቃል አሥር ዓረፍተ ነገር፣ ስለምናውቀው ሰው፣ እውነት የሆነ፤ ሰኞ እናስረክባለን፤ ያልሠራ ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ የነበረ መሰለኝ።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበረው። አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ከጠረጴዛው የማይነሣ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ስገልጠው ከቃሉ ሥር የዓረፍተ ነገር ምሳሌዎች ተደርድረው አየሁ። ገልብጬ ሳልጨርስ መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ጠባቂዋ ደጅ ቆማ ከሰው ጋር ታወራለች። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያይ እመልሰዋለሁ አልሁና፣ ጋቢዬ ሥር ሸጉጬው ወጣሁ። እንዲህ ቀላል ነበር። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የወጣሁበት ቅለት ነው።

ቅዳሜና እሑድን መጽሐፉን ታቅፌ ዋልሁ። ዘጠኙን ዓረፍተ ነገር በላብ ጻፍሁት። የንስሐ አባታችን በጾማቸው ስቴድፋስት ናቸው፤ እናቴ በሬው አይሸጥም በሚለው ሐሳቧ ስቴድፋስት ናት፤ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ጅብ ሰው ነው በሚለው እምነታቸው ስቴድፋስት ናቸው። አሥረኛውን ግን መጽሐፉን ሳላይ ከራሴ ጻፍሁት። አባቴ በእኔ ላይ ባላቸው እምነት ስቴድፋስት ናቸው የሚል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛ የራሴን ነገር ሲናገርልኝ ሰማሁ። ደስታው እንቅልፍ ነሣኝና ሰኞ አረፈድሁ።

የደረስሁት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነው። መጽሐፉን በምሳ ሰዓት ግርግር ውስጥ ልመልስ ብዬ ቤት ትቼው ነበር። ዲሬክተሩ መድረኩ ላይ ወጡና መዝገበ ቃላቱ መሰረቁን ተናገሩ። የወሰደው ይባረራል፤ ከሰዓት በኋላም ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ ተማሪዎች ክፍል ይፈተሻል አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አላስታውስም። የቤት ሥራዬን አስረከብሁና በምሳ ሰዓት ሮጬ ቤት ገባሁ። ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ዓይን ሆነብኝ። መጽሐፉን ይዤ ጓሮ ወደሚገኘው ሽንት ቤት ገባሁና ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቅሁት። ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ፈታሾቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው ፍራሼን ገለበጡ፣ የሽሮ ቅሉንም ሳይቀር አዩ። ምንም አላገኙም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ረቡዕ ዕለት፣ ባለፈው ዓርብ እስከ መዝጊያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት የተቀመጥን አራት ተማሪዎች ተጠራንና ወላጅ እንድናመጣ ታዘዝን። ሐሙስ መምህሩ ደብተሬን መለሰልኝ። አሥረኛው ዓረፍተ ነገር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፎበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብተሩን አቅፌ እሄድ ነበር፤ ያን ቀን ገጹን ቀድጄ በላሁት ብል ታምኑኛላችሁ? አኝኬ ዋጥሁት።

አባቴ ቅዳሜ ጠዋት በበቅሎ ደረሱ። ዲሬክተሩ ቢሮ አራቱ ወላጆች ተሰብስበው ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ የአንደኛው ልጅ አያት፣ ነገሩ በአገር ወግ ይለቅ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እያንዳንዱ ወላጅ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ ስለ ልጁ ይማል፤ ያልማለ ሰው ልጁ ይባረር። ዲሬክተሩም የዚያው አገር ሰው ናቸውና እፎይ ብለው ተስማሙ። ስለ ራሱ ለማይምል ሰው ስለ ልጁ መማል ቀላል አይደለም፤ ሁሉም እግር እግሩን ያያል።

«እኔ እምላለሁ» አሉ አባቴ።

አንዲት እናት ሳይታሰብ ከአፋቸው አመለጣቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው!»

አባቴ ሣቁ። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲሉ ነው የሰማሁ። እኔ የሰው አልነካሁም፤ የወለድኋትን ምን ብየ እጠረጥራታለሁ?»

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። በእኛ አገር በሐሰት የማለ ሰው ዓመቱን አይደፍንም። መብረቅ ያገኘዋል፣ ወይ ዓይኑ ይጠፋል፣ ወይ ቤቱ ይዘጋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከተወለድሁ ጀምሮ እንደ አየር የተነፈስሁት ነገር ነው። አባቴ ደግሞ ሐሰት መሆኑን ሳያውቁ ሊምሉ ነው። ሳያውቅ የማለ ይተርፋል ወይ? ማንን ልጠይቅ? ቅዳሜን እንዲህ እያልሁ፣ የሚመልስልኝ የሌለውን ጥያቄ እያመላለስሁ አሳለፍሁት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ፣ ነጠላቸውን ይዤ አቆምኋቸው።

«አባየ፣ አይማሉ። መጽሐፉን የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

ዘወር ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠበቅሁ፤ ያየሁት ግን ርኅራኄ ነው። «መሐላ እንደምፈራ ስለምታውቂ ነው» አሉ። «እኔን ልታድኚ ብለሽ ራስሽን ሌባ ታደርጊያለሽ? ተይ፣ ልጄ። እግዜር ያየውን ያውቃል።»

«እውነቴን ነው እኮ!»

«በቃሽ!» አሉና እጄን ይዘው መንገዱን ቀጠሉ።

ሦስተኛ ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። የት እንደጣልሁት መናገር ይቻል ነበር። ሽንት ቤት የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ፤ በዚያ ንጋት፣ ነጭ ለብሰን፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት እየሄድን እንዴት አድርጌ ላውጣው? እውነቱን ልናገር፤ ሳያምኑኝ ሲቀሩ አንዳች ሸክም ከትከሻዬ ወረደ። ተናግሬያለሁ፣ ያላመኑት እሳቸው ናቸው አልሁ በልቤ። በዚያ ዕድሜ ሰው ለራሱ እንዲህ ጎበዝ ጠበቃ ይሆናል።

ቅዳሴው አለቀ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው የቤተ ክርስቲያኑን በር በቀኝ እጃቸው ያዙ። መስቀል የያዙ ሽማግሌ ቄስ አጠገባቸው ቆመዋል። «ልጄ ያን መጽሐፍ ወስዳ እንደሆነ፣ ዘሬ አይብቀል፣ ዓይኔ ብርሃን አይይ፣ ስሞት ቀባሪ አላግኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የሕዝቡ «አሜን» ጀርባዬን እንደ በረዶ መታኝ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ሦስቱ ማሉ፤ አባቴን ያየ ሁሉ ደፍሮ ማለ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ በቅሏቸውን ጭነው ወደ አገር ሲነሡ ከከተማው ዳር ልሸኛቸው ወጣሁ። ከጉና በኩል ጥቁር ደመና ተከምሮ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። በቅሎዋ ድንጋይ መትታ ስትደናቀፍ ጩኸቴን በእጄ አፈንሁት። «ደህና ሁኚ፣ በርትተሽ ተማሪ» አሉና ልጓሙን ሳቡ። ሰማዩ በራ። ያ ሜዳ፣ ያ ደመና፣ ብቻቸውን በዚያ ሥር ሲሄዱ ታየኝ። እሬሳቸውን ያየሁ ያህል ነበር።

ልጓሙ ላይ ተንጠለጠልሁ። እያለቀስሁ ሁሉንም ዘረገፍሁት። አረንጓዴ ሽፋኑን፣ ጋቢዬን፣ ደጅ ስታወራ የነበረችውን ጠባቂ፣ ፈተሻውን፣ ጉድጓዱን፣ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ። አባቴ ከበቅሎዋ ወረዱ።

«ጧት ስትነግሪኝ» አሉ፣ «ጉድጓዱን ለምን አልነገርሽኝም?»

እጄን ከልጓሙ ላይ አነሣሁ።

«አንቺ ቤትሽ ግቢ» አሉ። በቅሎዋን አዙረው ወደ መጡበት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በእግራቸው እየሄዱ ይስቧት ጀመር። ልከተላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ዝናቡ ወረደ። እኔ እስኪርቁ ድረስ እርምጃቸውን እየቆጠርሁ፣ መብረቁ በበራ ቁጥር ዓይኔን እየጨፈንሁ፣ ስገልጠው መሄዳቸውን እያረጋገጥሁ እዚያው ቀረሁ።

አባቴ አልሞቱም። በዚያ ዝናብ ቄሱን ከቤታቸው ጠርተው፣ የማሉት መሐላ ሐሰት መሆኑን በዚያው በር ቆመው ተናገሩ። ሰኞ ዲሬክተሩ ቢሮ ገብተው ደገሙት። እኔ ያን ዓመት ተባረርሁ፤ በመስከረም ተመልሼ ዘጠነኛን እንደገና ተማርሁ። እሳቸው ንስሐ ተቀብለው አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሴን ከቅጥር ውጭ፣ ዝናቡንም ፀሐዩንም እየተቀበሉ ቆመው አስቀደሱ። የመንደሩ ሰው እሳቸውን ለሽምግልና መጥራቱን ተወ። እኔን ግን አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ስንቄን ራሳቸው ጭነው ያመጡልኝ ነበር። እኔ ያን ዓመት ሙሉ ሲያስሉ እደነግጣለሁ፣ ሲያረፍዱ መንገድ ላይ እወጣለሁ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር ወደ ጉና አያለሁ። ዓመቱ ሲደፈን እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስሁ። ተርፈዋል ብዬ አመንሁ፤ እኔም የተረፍሁ መሰለኝ።

ዛሬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አባቴ ሰማንያ አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደህና ነው። ለበዓል አገር ስገባ እንደ ድሮው ይመርቁኛል፣ ግንባሬን ይስሙኛል፣ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል። ሲመሽ ወጥቼ በጎቹን አስገባለሁ። «አባየ፣ ሁሉም ገብተዋል» እላቸዋለሁ። «እግዜር ይስጥሽ» ይሉና፣ በትራቸውን ተደግፈው ይነሣሉ፤ ወደ በረቱ ሄደው፣ እረኛው ሲያስገባቸው የማይቆጥሯቸውን በጎች፣ አንድ በአንድ ይቆጥሯቸዋል።