የልጄ ስም የጠፋብኝ ቀን

ከቢታ ገነት ወደ ቦንጋ ስንመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እጽፋለሁ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጣቴ የማይሆን ፊደል ይነካል፤ አጠፋለሁ፣ መልሼ እጽፋለሁ። ሹፌራችን ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው ሰው ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጋሼ ነው የምንላቸው።

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው።

«የጨና ወረዳ መረጃ የት ደረሰ?»

«እያስገባሁት ነው» አልኩና ዘጋሁ። ወዲያው እንደገና ጮኸ። አሁን ባለቤቴ ነበር።

«ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች አስመለሳት፤ ይዣት መጥቻለሁ። አንቺን ካላናገርኩ ብላለች።»

«አሁን አልችልም፤ በኋላ እደውላለሁ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ፣ ቢያንስ በልቤ «አይዞሽ» ልላት ስሟን ፈለግሁ። ስሟ አልመጣም።

መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ የደከመው ሰው ያጋጥመዋል ብዬ። ከዚያ እንደገና ሞከርኩ። ፊቷ ይታየኛል። የወለቀው የፊት ጥርሷ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ይታየኛል። ስሟ ግን የለም። ሰባት ዓመት የጠራሁት፣ ራሴ ያወጣሁላት ስም ነው፤ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር እንኳ ጠፋኝ። የቢታን ቀበሌዎች በቅደም ተከተል መጥራት እችላለሁ። የእያንዳንዱን ዕቅድና ክንውን ከነመቶኛው እችላለሁ። የልጄን ስም አልችልም።

«ጋሼ፣ ያቁሙልኝ።»

«እዚህ ጫካ መሀል? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ያቁሙልኝ አልኩ!» ጮህኩባቸው። ከዚያ በፊት ጮኼባቸው አላውቅም።

መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ጭቃ ላይ ወደቀ። ቁልቁል ወደ ጫካው ገባሁ፤ ለምን እንደምሮጥ አላውቅም፤ የሆነ ነገር ደረቴን ከውስጥ በቡጢ ይመታኛል። የወደቀ ግንድ አደናቀፈኝና እዚያው ቁጭ አልኩ። ከበላዬ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ አንኮሻኮሹ፣ የዛፉ ውኃ ራሴ ላይ ተራገፈ። አሁን እዚህ እሞታለሁ፣ የምሞተውም የልጄን ስም ሳላውቅ ነው ብዬ አመንኩ።

ጋሼ ጃኬታቸውን ይዘው መጡ። ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና እርጥቡ መሬት ላይ ከጎኔ ተቀመጡ።

«ስሟ ማን ነው?» አልኳቸው።

«የማን?»

«የልጄ።»

አዩኝ። አልሳቁም። ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነግሩ ስሟን ነገሩኝ። እንደ ባዕድ ሰው ስም ሰማሁት።

እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ስጠየቅ ጥፋቱን የምለጥፍበት ሰው አጣለሁ። የተወለድኩት ከዋጫ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከሰፈራችን ዲግሪ ይዛ ቦንጋ ያለው የዞኑ መሥሪያ ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ፤ እናቴ ይህን ለማያውቃት መንገደኛ ሳይቀር ትናገራለች። የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። እምቢ ማለት አላውቅም። «እሷ ትጨርሰዋለች» ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያ ቃል እንደ ምግብ ይጣፍጠኝ ነበር። ቅዳሜ ስብሰባ ነው፣ እሑድ ዘመቻ ነው፤ በመሀሉ የቴሌግራም ቡድኑ «አስቸኳይ» እያለ ይጮኻል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነጠላዬ ሥር መልእክት እመልሳለሁ። ዓመት ፈቃድ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ምሳዬ ዳቦ ነው፣ እሱንም ቆሜ። እንቅልፍ ከሸሸኝ ቆይቷል። ጸጉሬ በማበጠሪያ ተጠቅልሎ ይወጣል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ብቻ «ከስልክሽ ጋር ከሆነ የተጋባሁት ንገሪኝ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ያን ቀን ጋሼ ከጫካው ዋጫ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የለካችኝ ነርስ ልጅ እግር ናት። አንዴ ለካችኝ፣ ክንዴን ቀይራ ለካችኝ፣ ከዚያ መሣሪያውን ለውጣ እንደገና ለካችኝ።

«እህቴ፣ ይህን ያህል ደም ግፊት ተሸክመሽ ነው መስክ የወጣሽው?»

ኪኒን ሰጥታ አስተኛችኝ። ስልኬ አላቋረጠም። ጋሼ አነሱት።

«ታማለች» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሪፖርቱ? ሪፖርቱ ጭቃ ውስጥ ነው ያለው» አሉና ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰበት በኋላ ልብ ይገዛል ይባላል። እኔ አልገዛሁም። በአራተኛው ቀን ቢሮ ነበርኩ፤ ሪፖርቱንም ከማስታወሻዬ እንደገና ጻፍኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ክንውን ሳቀርብ፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታዩት ፊደላት እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። ግራ እጄ ደነዘዘ። «ይቅርታ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ወለሉን አላስታውስም።

ቦንጋ ሆስፒታል ነቃሁ። ሐኪሙ ራሱ ዓይኑ ቀልቷል፤ አዳር ተረኛ የነበረ ይመስላል። «በዚህኛው ተርፈሻል። ለሚቀጥለው ግን ቃል አልገባልሽም» አለኝ። ልጄ ከበሩ አልፋ አልገባ አለች። አባቷን በሹክሹክታ ስትጠይቀው ሰማሁ፤

«እማዬ እዚህም ስብሰባ ላይ ናት?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እንደወጣሁ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ስድስት ወር እረፍት እፈልጋለሁ» አልኩት።

«ስድስት ወር? የግማሽ ዓመቱ ግምገማ እስኪያልፍ ታገሺኝ እንጂ። አንቺ ከሌለሽ ማን ይሠራዋል?»

«ሐኪሙ የጻፈውን አንብበው።»

አነበበው። መሳቢያውን ስቦ የጨጓራ ኪኒን አወጣና ያለ ውኃ ዋጠ። «እኔስ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?» አለኝ። ሊያስቀይመኝ ፈልጎ አልነበረም፤ የሚያጽናናኝ መስሎት ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ማናችንም ሌላውን ማዳን አንችልም ነበር። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ እንደቆምኩ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ።

ባለቤቴ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «ስታርፊ ደስ ይለኛል። ግን ከሥራው ጋር ከእኔም የምትለቂ መሰለኝ» አለኝ። ልጃችን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ከእሱ ጋር ቦንጋ ቀረች። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ለብቻዬ ዋጫ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ሺሺንዳ ሲቆም ወርጄ ልመለስ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

እረፍት ጣፋጭ ነው የሚሉ ሰዎች ምን እንደሚያርፉ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆስፒታሉ ይብሱ ነበር። ስልኬ ሳይጮኽ ይጮኽልኛል። ኔትወርክ ፍለጋ በቀን አራት ጊዜ ከቤቱ በላይ ያለውን ጉብታ እወጣለሁ፤ የሚፈልገኝ የለም። አንድ ቀን ከቴሌግራም ቡድኑ እንዳስወጡኝ አየሁ። ስንት ዓመት የደከምኩለት ቦታ ያለ እኔ ውሎ ያድራል። ጎረቤቶች ተባርራ ነው ይላሉ። ለእናቴ የእንሰት ጓሮ ዕቅድ አወጣሁላት፣ የትኛው መቼ እንደሚፋቅ በሠንጠረዥ። ወረቀቱን ተቀብላኝ እሳት አነደደችበት። በክፋት አይደለም፤ ማንበብ ስለማትችልና እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ነው።

አንድ ጠዋት ከእንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ መነሣት አቃተኝ። ልጄ የለችም፣ ሥራዬ የለም፣ ጤናዬም አልተመለሰም። ብሞት የሚጎድል ነገር የለም ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ አላለቀስኩም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። እናቴ መጥታ በላዬ ቆመች። እሷ የምታናግረኝ በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ ብቻ ናት።

«ተነሽ። ኮረሪማው በስሏል፤ ዝንጀሮ ይፈጀዋል» አለችኝ።

«እማ፣ ደክሞኛል።»

«አያለሁ። ተነሽ።»

ጫካው ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የኮረሪማ ፍሬ ከግንዱ ሥር፣ መሬት ላይ ነው የሚወጣው፤ ቀይ ነው፤ ለመልቀም መንበርከክ ይፈልጋል። እናቴ አንዱን ጠምዘዝ አድርጋ ትነቅላለች፣ ታየዋለች፣ ቅርጫቷ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እኔ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ቀደምኳት። ቅርጫቴን ሞላሁ። ስዞር ከኋላዬ ያሉት ተክሎች ግማሾቹ ከነሥራቸው ተነቅለዋል። እናቴ እጄን ቸብ አደረገችው፤ ከልጅነቴ ወዲህ መትታኝ አታውቅም።

«ማን እያባረረሽ ነው?» አለችኝ።

ወደ ኋላዬ ልመለከት ምንም አልቀረኝም። መልስ ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እዚያው እንደተንበረከክሁ፣ ሁለት እጄ አፈር ውስጥ እንዳለ፣ አለቀስኩ። እናቴ ዝም በይ አላለችኝም፣ አላቀፈችኝምም። የነቀልኳቸውን አንድ በአንድ መልሳ ትተክል ነበር። ስጨርስ አጠገቧ ሄጄ አብሬያት ተከልኩ።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ መደብ ላይ ጋደም አልኩና ተኛሁ። ስነቃ በማግሥቱ ነበር። እናቴ ሞተችብኝ ብላ ሁለት ጊዜ ትንፋሼን አዳምጣለች።

ከዚያ ወዲያ ዳንኩ ብል ውሸት ነው። ቀስ እያልኩ ነው። ጤና ጣቢያው በየሁለት ሳምንቱ ይለካኛል፤ ያች ነርስ አሁን መሣሪያ አትቀይርም። ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ምናልባት ዕድሜ ልኬን። ኮረሪማና ጥምዝ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር እናደርቃለን፤ ዝናብ ሲመጣ ሦስታችንም እየተጯጯህን እናስገባለን፤ በዚያ ጊዜ የምትስቀው ሴት እኔ መሆኔ ይገርመኛል። ልጄ ለግማሽ ዓመት እረፍት ስትመጣ ሁለት ቀን እንደ እንግዳ ሆነችብኝ። በሦስተኛው ቀን ጭኔ ላይ ጋደም ብላ የክፍሏን ታሪክ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ፤ ረጅም ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ባለቤቴ ወደ ዋጫ ዝውውር ጠይቋል፤ መልስ የለም። ዓርብ በአውቶቡስ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። በመካከላችን ገና ያልተነገረ ነገር አለ። ሁለታችንም እንፈራዋለን።

ባለፈው ሳምንት፣ ኔትወርኩ እንዳጋጣሚ ቤታችን ድረስ በደረሰበት ሰዓት፣ ቢሮው ደወለ። አዲስ አለቃ ነው፤ ድምፁ ትሑት ነው።

«ልምድሽን እንፈልገዋለን። በተሻለ ደረጃ ነው የምንመልስሽ።»

ደስታ እንደ ድሮው ሽቅብ ሲወጣ ተሰማኝ፤ «እሷ ትጨርሰዋለች» የሚለው ያ የድሮ ጣዕም። ከእሱ ጋር ልቤ መደለቅ ጀመረ።

«አመሰግናለሁ፤ አልችልም» አልኩት።

ዘግቼ ከቤቱ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። እናቴ ከውስጥ «ማን ነው?» አለች።

«የቦንጋ ሰዎች ናቸው።»

«ምን ፈለጉ?»

«እኔን።»

ልቤ እስኪረጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየ። ደመናው ከምዕራብ በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ ተነሥቼ የኮረሪማውን ስጥ ማስገባት ጀመርኩ።