የአርባ ማሳ አፈር

የያዙኝ ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ትከሻዬ ላይ አንድ ጆንያ አፈር ተሸክሜ። ከተማው ውስጥ ሰልፍ ከተበተነ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ቦርሳና ደብተር የያዘ ሁሉ ይፈተሻል። ወታደሩ ጆንያውን ፈታና እጁን ከተተበት። አርባ ትንንሽ ላስቲክ፣ በያንዳንዱ ላይ ቁጥር።

«ምንድን ነው?»

«አፈር።»

«አፈር መሆኑንማ አያለሁ! ምንድን ነው ያልኩህ?»

የማስተርስ ጥናቴ መሆኑን፣ ከአርባ ገበሬዎች ማሳ መሰብሰቡን፣ የአፈሩን ኮምጣጣነት እንደምለካ ማስረዳት ጀመርኩ። መምህር ነኝና ማስረዳት እወዳለሁ። ሳልጨርስ በጥፊ አጮለኝ፤ መነጽሬ ሚኒባስ ሥር ገባ። ያ መነጽር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያስገቡን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፤ ጥግ ጥጉ የነቀዘ በቆሎ ይሸታል። ስልሳ ሰው እንሆናለን፤ አብዛኛው ከገበያ መንገድ የታፈሰ ገበሬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ነበርን። አንዱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ለምርመራ ከከብት የቀዳውን ደም በብልቃጥ ይዞ ሲገኝ መርዝ ነው ተብሎ የመጣ። ሌላው የአጨዳ ዘፈን በቴፕ የሚሰበስብ የሥነ ቃል አጥኚ። እሱን ሲመረምሩት «ሰሙ ገብቶናል፣ ወርቁን አምጣ!» ይሉታል። «ኧረ ጌታዬ ወርቅ የለውም፣ ስለ በሬ ነው» ይላል። ስለ በሬ ነው በማለቱ ሁለት የጎድን አጥንቱን ሰበሩት።

ከገበሬዎቹ አንዱን ሽማግሌ አውቃቸው ነበር። ባለፈው ክረምት አንዴ፣ ዘንድሮ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለን አጫውተውኛል፤ አፈራቸውንም ወስጃለሁ። በደብተሬ ቁጥር አስራ ሰባት ናቸው። ገና እንደገባሁ ተያየን። ሰላም አልተባባልንም።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጠይቄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል። አማካሪዬ «ስማቸውን አትጻፍ፣ ቁጥር ስጣቸው፤ ያሉትን ግን ቃል በቃል ስፈር» ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኙም ታዛዥ ተማሪ ነኝ፤ ቃል በቃል ጽፌያለሁ። ምርትዎ ለምን ቀነሰ ለሚለው ጥያቄ አስራ ሰባተኛው የሰጡት መልስ በቀይ ተሰምሮበታል፦ «ማዳበሪያውን በግድ ያስወሰደን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። መሬቱ ታመመ፣ ሰውም ታመመ። የታመመ ሁሉ ግን ተኝቶ አይቀርም፤ ይነሳል።»

«ይነሳል ያለው ማነው?»

«ስማችሁ አይወጣም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለኔም ትሰጣለህ» አለና ለሁለቱ ጠባቂዎች ራሱን ነቀነቀላቸው።

እጅና እግሬን አስረው፣ በጉልበቴ መታጠፊያ ዱላ አሳልፈው ገለበጡኝና ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉ ጀመር። እቆጥር ነበር፤ ከሰላሳ በኋላ ቁጥሩ ጠፋኝ። ፈትተው ሲጥሉኝ አንዱ ቀኝ እጄን በጫማው ረግጦ ዞረበት። የጣቶቼን ድምፅ ሰማሁ። መርማሪው እስከዚያ ከወንበሩ አልተነሳም።

ከዚያ ተነሳና ጆንያውን አመጣ። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ እየቀደደ ሲሚንቶው ላይ ደፋቸው። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ የአርባ ማሳ አፈር በአንድ ክምር ተደባለቀ። አልዋሽም፣ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሦስት ወር በእግሬ የዞርኩበት ሥራ ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ ማንም አይለየውም። ማልቀሴን ሲያይ ደስ አለው መሰለኝ፣ ፀጉሬን ጨምድዶ ፊቴን ክምሩ ውስጥ ቀበረው።

«ጥናትህን ብላ!»

በእፍኙ እየዛቀ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ አልገባ ሲለው በዱላው እጀታ ገፋው። ሁለት ጥርሴ ተሰበረ።

አሁን የምለውን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም። ስማቸውን ልናገር ነበር። የአባታቸው ስም ሳይቀር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፌ በአፈርና በደም ተሞልቷል፤ ስጮህ የወጣው ቃል አልነበረም። እሱ እምቢታ መሰለውና በርግጫ ጎኔን መታኝ፤ ራሴን ሳትኩ።

ስነቃ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ሸሚዙን ቀዶ ጣቶቼን ከበቆሎ አገዳ ጋር እያሰረ ነው።

«እንግዲህ እኔ የማውቀው የበሬ እግር ነው፤ ታገሰኝ» አለ። «ምን አርግ ብለውህ ነው?»

«አስራ ሰባት ማነው ይላሉ። የታመመ ይነሳል ያለው።»

ሽማግሌው ከግድግዳው ሥር ተነስተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እሱ ቃል የኔ ነው።»

«አይደለም አባባ።»

«ተው መምህር! የተናገርኩትን አልረሳም። ልሂድና እኔ ነኝ ልበላቸው። እኔስ ኖሬያለሁ።»

በደህናው እጄ ኩታቸውን ያዝኩ። «በእመቤታችን፣ እንዳያደርጉት! ደግሞ እኔን እንደ ጀግና አይዩኝ። ልናገርብዎ ነበር። አፌ ስለተሞላ ነው።»

ይቀየሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ምን ታረግ፣ ሰው ነህ» አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይልቅ ንገረኝ፣ አፈሬ ምን ሆኖ ተገኘ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ካንተ በፊት አንዱ መጥቶ ስለ ንብ ጠየቀን። አንዷ ስለ ወሊድ ጠየቀች። አንዱ የልጆቹን ክንድ በሜትር ለክቶ ሄደ። ይኼ የተኛው ልጅም ዘፈናችንን ወስዷል። መቼም እግዜር ያሳያችሁ፣ ተመልሶ ‹እንዲህ ሆኖ ተገኘ› ያለን አንድ ሰው የለም። አንተስ ትመጣ ኖሯል?»

አልመጣም ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ልቀር ነበር።

ባለፈው ክረምት የወሰድኩት የመጀመሪያው ዙር ውጤት በቃሌ ነበርና ነገርኳቸው። በተሰበረው ጥርሴ ነፋስ በገባ ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል፤ ግን ነገርኳቸው። መሬትዎ ኮምጥጧል አልኩ። ማዳበሪያ ቢጨምሩበት አይድንም። ኖራ ይፈልጋል፤ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ አምስት ኩንታል፣ ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ይበተንና በማረሻ ይገለበጣል።

«ኖራ፤ ለቃዳ አምስት፤ ከዘር ወር ቀድሞ» ብለው እንደ ዳዊት ተማሪ ደገሙት። ወዲያው ሌሎቹ ተጠጉ። «የኔስ ቀይ መሬት?» «ለጤፍስ ይሆናል?» እዚያው ተጋድሜ መለስኩ። ጠባቂው «ዝም በሉ!» ብሎ በሩን በሰደፍ እስኪደበድበው ድረስ አስተማርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የሰመረ ክፍለ ጊዜ አላስተማርኩም።

በነጋታው እንደገና ወሰዱኝ። ያን ቀን አፌ ባዶ ነበር።

«ማነው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

በጥፊ፣ በቡጢ፣ ኋላም በወንበር እግር መቱኝ። ግራ ጆሮዬ ያን ቀን ጮኸና ዝም አለ፤ እስከ ዛሬም አይሰማም። እፈራ ነበር፤ ሱሪዬ ላይ እስከ መሽናት ፈርቻለሁ። ግን በጠየቀኝ ቁጥር ያችኑ ሁለት ቃል መለስኩለት፤ በመጨረሻ እሱ ደከመው።

በአምስተኛው ቀን ገበሬዎቹን በስም እየጠሩ ለቀቋቸው። ሽማግሌውም ተጠሩ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ፤ መርማሪው በር ላይ ቆሟል።

«ኖራ፣ ከዘር በፊት» አሉኝ።

«ምን አልከው አንተ?» አለ መርማሪው።

«ስለ እርሻ ነው ጌታዬ» አሉና ወጡ።

እኔ የተፈታሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ጥናቴን በመጀመሪያው ዙር ውጤት ጻፍኩት፤ አስራ ሰባተኛውን አውጥቼ። ፈታኙ «አርባ ብለህ ጀምረህ ሠላሳ ዘጠኝ? አንዱ የት ሄደ?» አለኝ። «ቤቱ ገባ» አልኩት። ቀልድ መሰለውና ነጥብ ቀነሰብኝ።

ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ወደ ሽማግሌው መንደር ሄድኩ። አርፈው ኖሯል። ልጃቸው እንግዳ መስዬው ማሳውን አሳየኝ፤ ገብሱ ደረቴ ይደርሳል። ምን አድርገህበት ነው አልኩት። «አባቴ ከእስር ቤት ተምሮ መጣ» አለኝና ለቃዳ ስንት ኩንታል እንደሚበተን፣ መቼ እንደሚገለበጥ ያስረዳኝ ጀመር። እኔም ደህናውን ጆሮዬን አዙሬ እስኪጨርስ ሰማሁት።

ጥናቴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ሄጄ የተዋሰውን ሰው መዝገብ አይቻለሁ፣ ማንም የለም። እስከ መጨረሻው የወሰዱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበር።