ፈረሱ የተሸጠለት ኮሌጅ

ሥራ የጀመርሁበት ቀን አለቃም አስተማሪም አልነበረኝም። ዳንግላ ገበያ አንድ የተሰበረ ኮርቻ ገዛሁ፤ ቤቴ ወስጄ ስፌቱን በወስፌ ፈታሁት፤ ቆዳውን ከእንጨቱ ገፈፍሁና መልሼ ሰፋሁት። ሲያልቅ ከቀድሞው ይሻል ነበር። ጉራ ነው የሚለኝ ይኖራል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ እንደኔ ኮርቻ የሚሠራ አልነበረም።

እንጨቱን ከዋንዛ እጠርባለሁ። በውሃ የራሰ ጥሬ ቆዳ አለብሰዋለሁ፤ በጠፍር ወጥሬ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ የሚያደርቁ ነበሩ፤ የእነሱ ክረምት ሳይወጣ ይሰነጠቃል።

ሌላው ሠሪ ኮርቻውን ሠርቶ ፈረስ ይፈልግለታል። እኔ ፈረሱን ሳላይ መጥረቢያ አላነሣም። የቀርከሃ ስንጥቅ በፈረሱ ጀርባ ላይ አጎብጣለሁ፤ ቅርጹ እንዳይፈታ ጫፍና ጫፉን በክር አስርና ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ። ዘዴውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ኋላ ብዙዎች ቀድተውታል፤ ስሜን የጠራ ግን የለም።

በጃንሆይ ጊዜ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራው በአያ እምቢአለ ኮርቻ ነው። አያ እምቢአለ ግምጃ ቤት የሚባለው አገር ገበሬ ነበሩ፤ ቡናማ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በእኛ አገር ፈረስ ለመንገድ ብቻ አይደለም። በጥር ጊዮርጊስ ባለፈረሱ ከእኩዮቹ ጋር ይሰለፋል። ሲሞት ደግሞ የገዛ ፈረሱ ኮርቻው እንደተጫነ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በለቅሶው ሜዳ እየተሳበ ይዞራል። እስከዚያ ያላለቀሰ ያን ጊዜ ያለቅሳል።

አንድ ቀን አያ እምቢአለ የእርካቡን ጠፍር ሊያስቀይሩ ከልጃቸው ከይኸነው ጋር መጡ። ይኸነው ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። አዲስ አበባ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል። አባቱ ግን የውጭ አገር ሰዎች የከፈቱትን፣ የሚከፈልበትን ኮሌጅ ካልገባ ብለው ይዘዋል። የዳንግላ ባለሱቅ ልጅ እዚያ ገብቶ በከረባት ሲመለስ አይተዋል።

«አባባ፣ የመንግሥቱ እኮ በነጻ ነው» አለ ይኸነው። «ያበላል፤ ያሳድራል።»

«ያበላል? ለድለባ ነው የምትሄደው?»

«ትምህርቱም ጥሩ ነው።»

«በነጻ የሚሰጥ ፈረስ አይተህ ታውቃለህ? አይተህ እንደሆነ አነክሶ ነው።» ወደኔ ዞሩ። «ስማ ሙሉነህ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የኮሌጁን ዲሬክተር ቀንስ ብየው ነበር። አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም! ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድሁ፤ አልጠራኝም። በእኛ ገበያ ባለፈረሱ ሄደህ ካልጠራህ ምንድን ነው?»

«የፈረሱን ዋጋ ያውቀዋል ማለት ነው» አልሁ። ገበያችን እንዲያ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። «ነገር ግን አያ፣ ዲሬክተሩ ፈረስ ነጋዴ አይደለም። እኔን ይዩኝ፤ ለማን ከፍዬ ተማርሁ? ልጁ ጭንቅላት አለው። የነጻው ይበቃዋል።»

ሳቁብኝ። «አንተ የተማርኸው ኮርቻ ነው። ልጄ ሰው ሊሆን ነው።» ከዚያ እኔ በማልሰማው በአውኝ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ይኸነው አቀረቀረ። ሲወጡ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት።

«ልጁን በነጻ ሰጠ አልባልም ነው ያሉት» አለኝ።

ኮሌጅ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት የአባቱ በቅሎ ተሸጠች። በሁለተኛው አያ እምቢአለ ኮርቻውን በትከሻቸው ይዘው በእግራቸው መጡ።

«ዳማስ?» አልሁ።

«የገዛው ሰው ኮርቻ አለኝ አለ። ይህን አንተ ዘንድ አስቀምጥልኝ። ይኸነው ሥራ ሲይዝ ዳማን መልሶ ይገዛዋል።»

በዚያ ዓመት በጊዮርጊስ ከሰልፉ ውጪ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ቆመው አየኋቸው። ሰላም ልላቸው ስጠጋ ፊታቸውን አዞሩ።

በሦስተኛው ዓመት ከበሬዎቹ በቀር የሚሸጥ አልቀረም። በሬ ከተሸጠ ደግሞ ቤቱ አያርስም። ኮሌጁ ይኸነውን አሰናበተው። ወደ መንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለመነ፤ ያኔ የተሰጠህ ቦታ አልፏል፣ እዚያ የተማርኸውም አይያዝልህም አሉት። አገሩ ተመለሰ። በኮሌጅ ኮቱ ዳንግላ እህል መጋዘን በር ላይ ቁጭ ብሎ ጆንያ ያስመዝን ጀመር።

አያ እምቢአለ ክረምቱን አልጨረሱም። የሞቱ ለት ወንድማቸው ነጭ አምባላይ ፈረስ ተውሰው፣ ይኸነውን አስከትለው፣ ኮርቻውን ሊወስዱ መጡ።

«ይህ ኮርቻ በዚህ ፈረስ ላይ አይቀመጥም» አልኋቸው። የዳማን ቀርከሃ ከግድግዳ አውርጄ አምባላዩ ጀርባ ላይ ጫንሁት። በግራና በቀኝ ክፍተቱ እጅ ያስገባ ነበር። «ይዩ!»

«አንድ ዙር ነው ሙሉነህ። የሚቀመጥበት ሰው የለ።»

«ባዶውንም ወደ ሆዱ ይዞራል።»

«ታዲያ ወንድሜ ያለ ኮርቻ ይቀበር?»

ኮርቻውን አምባላዩ ላይ ጫንሁት። በሆዱ ሥር የሚታሰረውን መቀነቻ ራሴ አጠበቅሁ፤ ከሥሩ ያገኘሁትን ጨርቅ ሁሉ ነጠፍሁ። የሰው እጅ ከዚያ በላይ አይችልም።

ሜዳው ሞልቷል። አምባላዩ ግማሹን ሳይዞር ኮርቻው ዞሮ ሆዱ ሥር ገባ። ፈረሱ ደነበረ፤ ረገጠው፤ መቀነቻው ተበጠሰና ጭቃው ላይ ጣለው። አልቃሿ ስለ ፈረሳቸው የጀመረችውን ግጥም አቋረጠች። ከእኩዮቻቸው አንድም ከፈረሱ የወረደ የለም።

ይኸነው ብቻ ወጣ። ኮርቻውን አነሣ፤ በኮቱ እጅጌ ጠረገው፤ ትከሻው ላይ አደረገውና የቀረውን ዙር ዞረ። አንዱ እርካብ በተራመደ ቁጥር ጉልበቱን ይመታው ነበር።

ከቀብር በኋላ አመጣልኝ። «ጋሼ ሙሉነህ፣ ለሌላ ፈረስ አይስተካከልም?»

ፊተኛው እንጨት ተሰንጥቆ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝና አየሁት፤ እኔን ካቃተኝ በማንም አይሆንም።

«አይሆንም» አልሁት።

«ለምንም?»

«ለምንም።»

ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ሥራ አልቀየረም። ዳማ ሌላ አገር ተሻግሮ ተሸጧል፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኮርቻው ከቀርከሃው ጋር ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ለማንም አልሸጥሁትም፤ የጠየቀኝም የለም።

ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የምትመርጡ፣ እስከ መጨረሻው የማትከፍሉትን አትጀምሩ። የነጻውን ካገኛችሁ ግቡበት፤ ቦታው አይጠብቃችሁም።