በሩን ያስዘጋው ቅጠል

ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር፣ እዚያ ጎንደር፣ እንደ አያ ተሰማ ያለ ተረት አዋቂ የለም ይባል ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፍሙን ብቻውን ታቅፎ፣ ሰው እስኪለምነው ጉሮሮውን ሲጠርግ ያመሻል። ያላየው አገር፣ ያላነጋገረው ጋኔን አልነበረም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ፊቴን አዞራለሁ።

ያኔ መምህራችን አንድ ቀን በሚነድ ጧፍ ላይ ብርጭቆ ደፍቶ ነበልባሉ መንምኖ ሲጠፋ አሳየን። እሳቱም እኛም የምንኖረው አየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው አለ፤ ሰውነታችን የበላነውን እህል በእሱ ቀስ አድርጎ እያቃጠለ ይሞቃል፣ የተቃጠለውን አየር በእስትንፋሳችን እናወጣዋለን፤ ቅጠል ደግሞ ያንኑ ተቀብሎ ከውሃ ጋር ምግቡን ይሠራበትና ኦክስጅን ይመልስልናል። «ፀሐይ ካገኘ ነው ታዲያ! በጨለማ ቅጠልም እንደናንተው ተንፋሽ ነው» ብሎ ነበር።

ያን ሰሞን እናቴ አራስ ነበረች። እኔ ሞኟ ቤት ገብቼ ለአያ ተሰማ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፤ ቅጠል አየር ይሰጣል አልኩት።

«ይኸን ደግሞ አስኳላ ነው የሚነግረኝ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ማምሻውን ግን አራስ ጠያቂዎች ፊት የራሱ አድርጎ ተረተው፤ ዋሻ ተዘግቶባት በቅጠል እስትንፋስ ሰባት ዓመት ስለኖረች ንግሥት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረና፣ «ምነው ትከፍቱታላችሁ? አራሷን ብርድ ሊመታት ነው! ቅጠል አስገቡና ዝጉት» አለ። የወይራ ቅርንጫፍ በአልጋዋ ዙሪያ ተደረደረ፤ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ጣሳ የከሰል ፍም ተሞላ፤ የበሩ ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ተወተፈ።

የሁላችንም ራስ ከበደን። እኔ ከተረቱ ርዝመት መስሎኝ ነበር። የእናቴ አንገት ወደ ትራሱ ዘመመ፤ ሕፃኑ ጡት አፉ ውስጥ እያለ መጥባቱን ተወ።

«ተረቱ ጥሟት እንቅልፍ ወሰዳት» አለ አያ ተሰማ በኩራት።

ኩራዙን አየሁት። ነበልባሉ እንደ መምህሩ ጧፍ መንምኗል። ያኔ ያልነገርኩት ግማሽ ትዝ አለኝና ጨርቁን ነቅዬ በሩን በረገድኩት።

«አንቺ! አራሷን ልትገያት ነው?» ብሎ በምርኩዙ ጀርባዬን አቀመሰኝ።

ብርዱ ሲገባ ሕፃኑ አለቀሰ። እናቴን አስመለሳት፣ ከዚያ በረዥሙ ተነፈሰች። አልቅሼ አላባራሁም።

በማግስቱ አያ ተሰማ አዲስ ተረት ነበረው፤ አራሷን ሊያንቅ የመጣ ጋኔን በእሱ ጸሎት በበሩ ሲወጣ። ያን ከንቱ ወሬ እስኪሞት ድረስ ደጋገመው፤ ጎረቤቱም አፉን ከፍቶ ሰማው። ግማሽ እውቀት ይዛ የተንጠባረረችውን የያኔዋን እኔንም ቢሆን ከእሱ አብልጬ አላከብራትም።

እናቴ በሰማችው ቁጥር አንገቷን ደፍታ «እውነት ነው አያ» ትለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን፣ በዚያ በክረምቱ ብርድ እንኳ፣ መስኮቷን ገርበብ ሳታደርግ ተኝታ አታውቅም።